የቃውናቅ ስም በሰሌዳው ላይ

ባለፈው ዓመት የፀደይ የዓሣ ውድድር በተከፈተበት ቀን፣ የበረደ እግሬን ላሞቅ ወደ መንደሩ አዳራሽ ገባሁ። እዚያ ያየሁት ነገር ይታይልኝ ተብሎ የተደረገ አልነበረም።

ግድግዳው ላይ አዲስ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሎ ነበር። ሐይቁ ላይ ዓሣ በተመዘነ ቁጥር የአጥማጁ ስምና ኪሎው እዚያ ላይ ይወጣል፣ ያውም ሽማግሌዎቹ በሚያነቡት፣ በቋንቋችን በኢኑክቲቱት ፊደል፣ ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ሲወራለት ከርሟል። የወጣው ግን ባዶ ሳጥን ነበር። ስም በሚሆንበት ቦታ ሁሉ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች፣ መጨረሻቸው ላይ ቁጥር። ወጣቶቹ ሳቁና ስልካቸውን አውጥተው ስማቸውን በእንግሊዝኛው ፊደል ፈለጉ። እንግሊዝኛውን የማያነቡት ሽማግሌዎች ግን ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ እንዳዞሩ ቀሩ።

ከመካከላቸው አሮጊቷ ኒንጌ ወንበሯን እየጎተተች ወደ ፊት ተጠጋች። ጥፋቱ የዓይኗ መስሏት መሰለኝ፣ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ደግማም ጠረገች። ያኔ ኡሉሲ ሻይ ይዛ መጣች። ኡሉሲ የአዳራሹ ኃላፊ ናት፤ ቁልፉ፣ ማሞቂያው፣ ወንበሩ፣ የልጆቹ ጨዋታ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው። ሻዩን ሰጠቻትና አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በአንድ ጆሮዋ ከሐይቁ የሚመጣውን ሬዲዮ እያዳመጠች ሳጥኖቹን በጣቷ ታሳያት ጀመር።

«ይቺ የመጀመሪያዋ ሉታ ነው። ሦስት ኪሎ ተኩል።»

«ሉታን ጉንፋን ይዞት ያውቅ እንደሆነ እንጂ እሱ ምንም ይዞ አያውቅም።»

«ዘንድሮ ይዟል። ከሥሩ ያለው ታማሲ ነው።»

«የታማሲ ሳጥን ለምን በዛ?»

«ከንቲባ ነዋ።»

ኒንጌ በሳቅ ሻይዋን ጉልበቷ ላይ አፈሰሰች። ኡሉሲ አዲስ ስም በመጣ ቁጥር ሳጥኖቹን እየነካካች፣ ማን እንደሆነና ዓሣው ምን ያህል እንደመዘነ እየነገረቻት፣ ማንቆርቆሪያው እስኪበርድ ድረስ ከዚያ ወለል አልተነሳችም። ሲመሽ ኒንጌ ኮቷን እየደረበች፣ «እታለም፣ እነዚህ ሳጥኖች ለከርሞ ይከፈቱ ይሆን?» አለቻት።

«ይከፈታሉ» አለች ኡሉሲ። እንዴት እንደሚከፈቱ ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም።

«እታለም» ማለቷ እንግዳ ሰው ያስገርም ይሆናል። ኡሉሲ ገና ሃምሳ አልሞላትም፣ ኒንጌ ደግሞ በዕድሜ እናቷ ትሆናለች። ነገር ግን ኡሉሲ የተጠራችው በኒንጌ ሟች ታላቅ እህት ስም ነው። በሰሜኑ መንደራችን በኢቃሉሊቅ ስም ከሰው ጋር አይቀበርም። ስሙን የወረሰ ሕፃን ዝምድናውንም ይወርሳል፣ ከነክብሩ ከነቀልዱ። ስለዚህ ኒንጌ «እታለም» ስትላት፣ ኡሉሲም መልሳ «ታናሼ» ትላታለች፤ ልጅ ሳለችም እንዲሁ ነበር።

ኡሉሲን ያንን ፊደል ያስተማራት የኒንጌ ባል ቃውናቅ ነው። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የእንግሊዝኛው ብቻ ነበር። በፀደይ ዕረፍት ቃውናቅ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲቀመጥ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ ዓሣው እስኪመጣ ድረስ በበረዶ ቢላዋው አጠገባቸው ያለው በረዶ ላይ ፊደል ይጽፍላታል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ነበር፣ ከደረት ኪሱ የማይለየው የጸሎት መጽሐፍ። አንዱን መስመር ሳትሳሳት ካነበበች አፏ ውስጥ ጥሬ የዓሣ ጉንጭ ያኖርላታል። ከተሳሳተች ራሱ ይበላዋል። «ፊደል የቆጠርኩት በሆዴ ነው» ትላለች ኡሉሲ።

ቃውናቅ ከዚያ የሳጥኖቹ ውድድር አስቀድሞ ነበር ያረፈው። በዚህ ክረምት ደግሞ የሉታ ልጅ ሚቲቅ ሴት ልጅ ወለደችና ቃውናቅ ብላ ጠራቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒንጌ በየማለዳው ወደ ሉታ ቤት ትሄዳለች፤ «ባሌን ልየው» ትላለች በሩን ሳታንኳኳ ስትገባ። ሕፃኗ ካለቀሰች «አኮረፈኝ»፣ ከሳቀች «አሁንም ያው ውሸታም ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ ሕፃኗ እላይዋ ላይ አስታውካ፣ «በትዳር ዘመናችንም እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» ብላ መንደሩን ሁሉ አሳቀች።

*

መከር ላይ የመንደሩ ምክር ቤት ስለ ስክሪኑ ተሰበሰበ። ከንቲባው ታማሲ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ።

«ከጎረቤት መንደር የመጡት ሳቁብን» አለ። «ሰው ሁሉ እንግሊዝኛውን ያነባል። በእንግሊዝኛው እናድርገውና ይለቅ።»

«ሰው ሁሉ አያነብም» አለች ኡሉሲ ከኋላ።

«ለማያነቡት አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። ባለፈው አላደረግሽውም?»

«ታማሲ፣ አንተ ለራስህ ማንበብ እየቻልክ ጎረቤትህ ቢነበንብልህ ደስ ይልሃል?»

ታማሲ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ፣ ማን ይሠራዋል?»

«እኔ ልሞክር።»

«አንቺ ወንበር አይደል እንዴ የምትደረድሪው?»

«ወንበሩም ይደረደራል።»

ምክር ቤቱ ሳቀ። ታማሲም ሳቀና ቁርጡን ተናገረ፦ በመክፈቻው ቀን የስክሪኑ ሰሌዳ መንደሩን በድጋሚ ካዋረደ፣ በማግስቱ በእንግሊዝኛው ፊደል ይተካል፣ ከዚያ በኋላም ለዘለዓለም በዚያው ይቀጥላል።

ኡሉሲ ኮምፒውተር የተማረችው ማንም ሳያስተምራት ነው። አዳራሹ ባዶ በሚሆንባቸው ጠዋቶች፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጣ፣ ከኢንተርኔት እያነበበች። ኢንተርኔቱም እዚህ አየሩ ሲከፋ ይጠፋል፤ ያነበበችውን ይዛ ትጠብቀዋለች። በዚያ ክረምት ከሁሉ አስቀድማ ያወቀችው ነገር ከወንበሯ አስነሳት፤ ኮምፒውተር አይጽፍም፣ ይስላል። ስክሪን ላይ የሚታይ እያንዳንዱ ፊደል ሥዕል ነው። ሥዕሎቹ ፎንት በሚባል ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እያነሳ ስክሪኑ ላይ የሚያሳርፋቸው ደግሞ ላይብረሪ የሚሉት፣ ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው የሥዕል ፕሮግራም ነው። ሳጥን የሚወጣው የተጠየቀው ፊደል ሥዕል ሲጠፋ ነው።

«ስድብ መስሎኝ ነበር» አለችኝ በኋላ። «ለካ ይቅርታ ነው። የለኝም፣ አላገኘሁትም ማለቱ ነው።»

አሮጌውን ፕሮግራም ትታ የራሷን ሰሌዳ ከመጀመሪያው ጻፈች። መሞከሪያ ስም ያስፈልጋት ነበር። የቃውናቅን ወሰደች፣ ምክንያቱም በዚያ ስም ውስጥ አስቸጋሪው ሁሉ ተሰብስቧል። የመጀመሪያው ፊደል ሌላ ትንሽ ፊደል አዝሏል፣ እናት አማውቲ በሚባለው ካፖርቷ ኮፍያ ሕፃን እንደምታዝል። የመጨረሻዋ ደግሞ ትንሽዬ ሆና ከመስመሩ በላይ ተንጠልጥላለች። እሱን በትክክል ያወጣ ሰሌዳ የማንንም ስም ያወጣል ብላ አሰበች። እንዲያውም ስሙ በየጠዋቱ ፊቷ ላይ መሆኑ ደስ ይላት ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት ስሙ የማይታወቅ ዝባዝንኬ ሆኖ ወጣ፤ አንዱ ፊደል ሦስት ቦታ ተሰባብሮ፣ የገንዘብ ምልክት ከጭረት ጋር ተቀላቅሎ። ፕሮግራሙ የስሞቹን ፋይል በሌላ የአጻጻፍ ሥርዓት እያነበበው ነበር። ያንን አስተካከለች፣ ሳጥኖቹ መጡ። የኢኑክቲቱት ፊደል ያለበትን ፎንት አመጣች፣ ሳጥኖቹ ሄዱና ፊደሎቹ ብቅ አሉ። ብቻዋን አጨበጨበች። ወዲያው ደግሞ ከደቡብ የመጣው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አስተማሪ ስም ላይ፣ ጭረት ባለባት ፊደል ቦታ፣ አንዲት ሳጥን ተመልሳ ተቀመጠች። አዲሱ ፎንት የእኛን ያውቃል፣ የእሱን አያውቅም። «የመጀመሪያው ካጣ ሁለተኛውን ጠይቅ» የሚል ትዕዛዝ ጨመረችለት። እንደዚያ እያለች አንዱን ስትዘጋ ሌላው እየተከፈተ፣ ግን እየቀረበች፣ ፀሐይ የማትወጣበት ጨለማው ወር አልፎ ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ግንባሯን ብቅ አደረገች።

የመጨረሻው ችግር ግን አልለቅ አላት። የቃውናቅ ስም ወጥቷል፤ ያቺ ከላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ ፊደል ግን ግማሿ ተቆርጧል፣ ጣሪያ በላይዋ የወደቀ ይመስል። ያለ እሷ ደግሞ ስሙ የቃውናቅ አይደለም። ኡሉሲ ፊደሉን አሳነሰች፣ አተለቀች፣ ወደ ታች ገፋች፤ የሚቆረጠው ተቆረጠ። በመጨረሻ ላይብረሪውን ለሠራው ሰው ጻፈችለት። የት እንደሚኖር አታውቅም፤ ደቡብ ነው፣ ዛፍ ያለበት አገር። መልሱ አየሩ ጥሩ በሆነ ጠዋት መጣ፦ የመስመሩን ቁመት የወሰንኩት እኔ በማውቃቸው ፊደሎች ነው፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውን ይቆርጠዋል፤ የእናንተን ፊደል አይቼው አላውቅምና እባክሽ ሳይቆረጥ ምን እንደሚመስል አሳዪኝ።

ሳይቆረጥ ማሳየት። ስክሪኑ እየቆረጠው እንዴት ታሳየው? ኡሉሲ ትንሽ አሰበችና ኮቷን ደርባ ወጣች። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ማንም ያልረገጠው በረዶ ላይ፣ ቃውናቅ ያደርግ እንደነበረው በበረዶ ቢላዋ ስሙን በትልቁ ጻፈች። ያዘለውን አሳዘለችው፣ የተንጠለጠለችውን አንጠለጠለቻት። ወንበር ላይ ቆማ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችለት።

ሰውየው ፎቶውን ሲያገኝ ለመልሱ አልዘገየም። ስሙን ከመሳልሽ በፊት ስሙን ራሱን በላይብረሪው አስለኪው፣ ከፍታውን ጠይቂና ያንን ያህል ቦታ ከላይ ተዪለት፣ ብሎ መንገዱን በዝርዝር ላከላት። ከሥሩም «በበረዶ የተጻፈ የስህተት ሪፖርት ደርሶኝ አያውቅም» የሚል ጨመረ።

ኡሉሲ ያላትን አደረገች። ቃውናቅ ከነሙሉ ስሙ ወጣ። ከጎኑ ትልቅ ቁጥር ሲመጣ ቦታው ይበቃው እንደሆነ ለማየት ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ ጻፈችለት። በቃው። አምላኳን አመስግና፣ ኮምፒውተሩን ዘግታ፣ ወንበር ልትደረድር ሄደች።

ያንን መሞከሪያ መስመር ግን አላጠፋችውም።

*

በመክፈቻው ቀን አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። የጎረቤት መንደር ሰዎችም በበረዶ ሞተር መጥተዋል። ፊት ለፊት ሽማግሌዎቹ፣ መሃላቸው ኒንጌ መነጽሯን አጽድታ፣ ከጎኗ ሚቲቅ ሕፃኗን በአማውቲዋ ኮፍያ አዝላ። ቄሱ ሐይቁ ላይ የሚወጡት በሰላም እንዲመለሱ ጸለዩ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ኡሉሲ አሜን ስትል ዓይኗን አልከፈተችም ነበር።

ከዚያ ስክሪኑን አበራችው።

ርዕሱ ወጣ፣ በሽማግሌዎቹ ፊደል፣ ጥርት ብሎ፣ ከላይ ምንም ሳይቆረጥ። ከርዕሱ ሥር አንድ ስም፣ ከስሙ ጎን ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ።

ከሁሉ ቀድማ ያነበበችው ኒንጌ ናት። ቀስ ብላ፣ ጮክ አድርጋ።

«ቃውናቅ።»

ኡሉሲ መሞከሪያውን አለማጥፋቷ ያኔ ትዝ አላት። የሞተ ሰው ስም፣ ማንም ያላጠመደው ዓሣ፣ በመበለቲቱ ፊት። ጣቷ ወደ ማጥፊያው ሮጠ።

«እታለም፣ እንዳትነኪው» አለች ኒንጌ ዘወር ሳትል። «ባሌ አንደኛ ወጥቷል። ምን አዲስ ነገር አለው?»

አዳራሹ ሳቁን ሳይጨርስ የሕፃኗ አያት ሉታ ተነሳ። «ባልሽ ገና ጥርስ አላበቀለም።»

«ዓሣ የሚያዘው በጥርስ ነው እንዴ? ለካ አንተ ለዚህ ነው የማትይዘው።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ከጎረቤት መንደር ሰዎች መካከል ግን አንዱ፣ «ውድድሩ ሳይጀመር አሸናፊ አስቀምጣችኋል ማለት ነው?» አለ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልታወቀም። ታማሲ ቀይ ሆነና ወደ ኡሉሲ ጠረጴዛ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሞከሪያ ነው። ሳላጠፋው ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ሰሌዳው ውሸት ከጻፈ በየትኛው ፊደል እንደጻፈው ማን ግድ አለው? አጥፊው።»

«ስሙን ካጠፋችው እኔ ወደ ቤቴ ነኝ» አለች ኒንጌ። «የጠሩትን ሰው ተመለስ አይባልም። መጥቷል፣ ይኸው እዚህ ተቀምጧል።» በጣቷ የሚቲቅን ኮፍያ አሳየች። ከውስጡ አንድ የተኛ ጉንጭ ይታያል።

ታማሲ ኒንጌን አየ፣ ጎረቤቶቹን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ችኩል ነው ብያለሁ፤ ፈጥኖ ፈረደ። «ኪሎው ይጥፋ። ስሙ በዜሮ ይቆይ። የዛሬው መዝጊያ ደወል እስኪደወል ቃውናቅ ዓሣ ካስመዘገበ ሰሌዳው እውነተኛ ነው፣ እንደያዘ ይቀጥላል። ካላስመዘገበ ግን በመክፈቻው ቀን በእንግዳ ፊት ዋሽቷልና ነገ በእንግሊዝኛው ይሆናል። ቃሌ ነው።»

«ስማችሁታል?» አለች ኒንጌ፣ ቀድማ ተነስታ። «ሚቲቅ፣ ባሌን አልብሺው። ሉታ፣ ሞተርህን አስነሳ። ጉድጓዱ የት እንደነበር እኔ አሳያለሁ።»

*

ኡሉሲ መሄድ አልቻለችም፤ ሰሌዳውን የሚይዝ ሌላ ሰው የለም። ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠረጴዛዋ ጋ ቆመች። ዓሣ መመዘን ጀመረ፣ ስሞች መውጣት ጀመሩ። በወጡ ቁጥር ሽማግሌዎቹ እንደ መዘምራን አብረው ያነባሉ። አንዱ ሽማግሌ የልጅ ልጁ ስም ሲወጣ ተነስቶ ስክሪኑን በጣቱ ነካው። ከላይ ግን፣ ሰሌዳው ኪሎ የሌለውን ስም ስለማያሰልፍ፣ ከሁሉም በላይ ቃውናቅ ዜሮ ይዞ ተቀምጧል።

ሉታ ሬዲዮ ሲያገኝ ዝም የሚል ሰው አይደለም። «ደርሰናል» አለ። «ኒንጌ የመጀመሪያውን ጉድጓድ አልወደደችውም። ሁለተኛውንም አልወደደችውም። መሰርሰሪያዬ ጥርሱ አለቀ።»

«ባሌ የሚቀመጠው ድንጋዩ ወደ ሰሜን ሲታይ ነበር» የሚል የኒንጌ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

«ድንጋዩ እኮ በረዶ ውስጥ ነው ያለው።»

«አንተን አይታይህም፣ እኔን ይታየኛል።»

አዳራሹ ውስጥ ሰው በሬዲዮው ዙሪያ ተሰበሰበ። አንድ ሰው የቀዘቀዘ የካሪቡ አጋዘን ሥጋ በካርቶን ላይ ዘርግቶ ቢላዋ አስቀመጠ፤ ሌላዋ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ አመጣች፣ ማንም ግን ዓይኑን ከሬዲዮው አልነቀለም። ሰዓቱ ይሄዳል። የጎረቤት መንደር ሰዎች ሳይቀሩ ወንበራቸውን አስጠግተዋል።

«አሁን ምን እያደረጉ ነው?» አለች ኡሉሲ ወደ ሬዲዮው።

«ቃውናቅ ጡት እየጠባ ነው» አለ ሉታ።

«የማጥመጃው ገመድስ?»

«ጓንቷ ላይ አስረንላታል። ባል እንበላት ልጅ እንበላት እኔ ተምታታብኝ። ኒንጌ አንዱን ስል ትቆጣኛለች፣ ሚቲቅ ሌላውን ስል ትቆጣኛለች።»

ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ሬዲዮው ዝም አለ። ኡሉሲ ጠራች። መልስ የለም። ባትሪው አልቆ ይሆን ብላ ደግማ ጠራች። ታማሲ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ቃሉ ያስጨነቀው ሰው ይመስል ነበር። ኡሉሲ ስክሪኑን አየች። በረዶ ላይ የጻፈችውን ስም፣ የዓሣ ጉንጩን፣ የደረት ኪሱን መጽሐፍ አሰበች። አምላኬ ሆይ፣ አንዲት ትንሽ ዓሣ ብቻ፣ አለች በልቧ።

ሬዲዮው ኮሽ አለ።

«እየጎተተ ነው» አለ ሉታ፣ በሹክሹክታ። ሉታ ሲያንሾካሹክ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ሕፃኗ ተኝታለች፣ እጇ ግን ይሄዳል። እጇ ይሄዳል እላችኋለሁ።»

«ያዢለት፣ ያዢለት!» የኒንጌ ድምፅ።

«እማማ፣ ሕፃኗን ወይስ ገመዱን?» የሚቲቅ።

«ሁለቱንም!»

ከዚያ የበረዶ መንኮሻኮሽ፣ የሉታ ትንፋሽ፣ የሆነ ነገር ሲወራጭ፣ ከዚያም የሕፃን ለቅሶ። ከእንቅልፏ ነቅታ ነበር። ለቅሶው አዳራሹን ሞላው፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ይስቃል። ሉታ በሞተሩ ወደ ሚዛኑ ሲበር ድምፁ እስከ እኛ ይሰማ ነበር። የሚዛኑ ሰው ቁጥሩን ሲናገር ደወሉ ገና አልተደወለም።

«ቃውናቅ። ሁለት ኪሎ ከሩብ።»

ኡሉሲ ቁጥሩን ጻፈች። ቃውናቅ ከአናት ወርዶ ከታች ወደ ሦስተኛው መስመር ሄደ፤ እንዲህ ያለ ጭብጨባ ግን አንደኛ የወጣውም አላገኘም። ከጎረቤት መንደር የመጣው ያ ሰው ተነስቶ፣ «እኔ ከሕፃን በታች ነኝ» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። እውነትም ስሙ ከሥሩ ነበር።

ኒንጌ ስትመለስ ጉንጯ በፀሐይና በብርድ ቀልቷል። ሰው እጇን ይዞ ሊደግፋት ሲመጣ እምቢ አለች። ስክሪኑ ፊት ቆመችና ከላይ ጀምራ እስከ ታች ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፣ ያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው አስተማሪ ጋ ስትደርስ ብቻ «ይሄኛው የማን ነው?» ብላ። ቃውናቅ ጋ ስትደርስ ቆመች። ኡሉሲ ሄዳ አጠገቧ ቆመች፤ የምታነብላት ግን ምንም አልነበረም።

«ከታች ሦስተኛ» አለች ኒንጌ። «በሕይወት ዘመኑ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። ነገ ይነሳል።»

ታማሲ ለሁለቱም ሻይ ቀዳላቸው። ለኡሉሲ ሲያቀብላት ጺሙን አሸት አሸት አደረገና፣ «የአዳራሹ በር ላይ ያለው ምልክትም ደብዝዟል» አለ። «በዚሁ ፊደል ትሠሪው ይሆን? ከላይ ሳይቆረጥ።»

ከመሸ በኋላም ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ እንደተቀመጠች ነበረች። ሰው ሁሉ ተበትኖ እኔ ወንበር ስሰበስብ ኡሉሲ የሻይ ጽዋዋን ይዛ መጣች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ መሰለኝ። ከጉድጓዱ አጠገብ ከተቀመጠች ስንት ዓመት እንደሆናት እሷም አታስታውሰውም፤ ውድድር በመጣ ቁጥር አዳራሹን የምትይዘው እሷ ናት።

«ነገ ሥራ አለህ?» አለችኝ።

«ነገማ የለኝም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንህ። ሰሌዳውን ያዝልኝ። የቃውናቅ ጉድጓድ ክፍት ነው፣ ልውጣና ልጥመድ።»

«ኡሉሲ፣ ፊደሉን ሳነብ እንዴት እንደምንተባተብ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች እየሳቀች። «ለዚያ ነው ለኒንጌ የነገርኳት። አጠገብህ ትቀመጣለች፤ ያቃተህን እሷ ታነብልሃለች። ትይዝልኛለህ?»